ግማሽ ዙር

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ገና አቧራ፤
መፍቻና ሽቦ ተሸክሜ ወጣሁ፣ ኩምሳ በስልክ ቢጠራ።
«ሁለት ሰብዉፈር ነው፤ አንዱ የመርካቶ፣ አንዱ ከዱባይ የመጣ፣
ለየብቻ ሲያገሱ ደግ፤ አብረው ሲከፈቱ ግን ባዶ፤
ምን ይባላል ይሄ ጣጣ?»

አስከፈትኩት። ፊልሙ ላይ ድልድይ በቦምብ ይናዳል፤
ሶፋው ላይ ለተቀመጠ ግን ወረቀት የቀደዱ ይመስላል።
«የሚገርመው» አለ ኩምሳ፣ «በረንዳው ላይ ይደልቃል፣
ማድ ቤት ብርጭቆ ያንጫጫል፤
ለከፈልኩት ለእኔ ብቻ ዝም።»

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ያለው ሰው
እዚህ ሳሎን አልተቀመጠም፤
ሁለት አንበሳ አብሮ ቢያገሳ
የድመት ያህል አልወጣም።

ሽቦውን አየሁ፤ ቀዩ ከቀዩ፣ ጥቁሩም ከጥቁሩ ጋር።
ከዚያ መብራት ሄደ። ሩብ ሰዓት በጨለማ ስንነጋገር
«ይህን ቤት» አለኝ፣ «አሥራ አራት ዓመት ዕጣ ጠበቅኩ፤
አንድ ፊልም በደንብ ልሰማ ብል፣ ደግሞ ይኸው ጠበቅኩ።»

ሲመጣ፣ አንዱን ሳጥን እንደ እንግዳ ሶፋው ላይ አስቀምጬ
እኔ በእንብርክክ ሳሎኑን ዞርኩ፣ ጆሮዬን ለወለሉ ሰጥቼ።
አማቱ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝና አማተበች፤
«ምን ጠፋበት ሰውየው?» ብላ መጥረጊያ አቀበለች።
«ጎርናናው ድምፅ፣ እናቴ።»
«ኧረ አልጋው ስር እይ!» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንዱ አየሩን ሲገፋ
ሌላው በዚያችው ቅጽበት ይስባል፤
እንደ ሁለት ሰው አንድ በር ላይ፣ ያ ከውስጥ ይሄ ከውጭ፣
በሩ መች ይከፈታል?
ጉልበታቸው እኩል መሆኑ ነው ጉዱ፤
ቢበላለጡማ፣ ተራርፎም ቢሆን
ይሰማ ነበር አንዱ።

ከመርካቶው ጀርባ፣ አቧራ የበላት፣ የጥፍር ታህል ቁልፍ አለች፤
ዜሮ ላይ ነበረች፤ ወደ መቶ ሰማንያ ገፋኋት፤ ቀጭ አለች።

መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ኩምሳ ዘሎ ወደ አስፋልቱ አየ፣
ሲኖትራክ ያለፈ መስሎት፤ መንገዱ ግን ጭር ብሏል።
ሲገባው፣ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆየ።

ሂሳቤን እየቆጠርኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ።
ትርሲት ናት፣ የግድግዳ ጎረቤት፤ አራስ ልጇ ደረቷ ላይ፤
«ምነው ሰላም ናችሁ? ዝም አላችሁ እኮ፤ ሰው ታሞ ነው ወይ?
ያ ዱብ ዱብ የሚለው፣ ማታ ማታ ከግድግዳው የሚመጣው፣
የለም ዛሬ።
ልጄ እኮ በእሱ ነው የሚተኛው።»

ኩምሳ እኔን አየ። እኔ ቁልፏን።
ሕፃኑ ዓይኑን አፍጥጦ ጣራውን።
የመጨረሻው ታክሲ ታች ቆሞ ይጣራል፤
እኔ አጎንብሼ ቀረሁ፣ ጣቴ ቁልፏ ላይ፤
ከዜሮና ከመቶ ሰማንያ መካከል
ማረፊያ የላትም።