ደረቅ ጥልቀት

እናቱ በቢላ የዳቦ ሻጋታ
ፍቃ እየጣለች፣ ደህናውን አብልታ
ነው ያሳደገችው፣ በችግር፣ በራብ ቀን።
«ያው ቢላ ነው ዛሬም» ይላል ሲያጫውተን
የስፕሊቱ ፍራኔ፣ የኮራል ለቃሚ፣
አርባ ዓመት ጠልቆ የባሕር ታዳሚ።

ስኳር አድክሞት ከተኛበት አልጋ
ፈንገስ ገባበት ካፍንጫው ወደ ሥጋ፣
ከሥጋው ወደ አጥንት፣ ከዚያ ነካ ዐይኑን፤
ተከራይ መስሎ ገብቶ ርስቴ አለው ቤቱን።

ቆረጡ ሐኪሞች። የግራ ዐይኑ ወጣ፣
ግማሽ ጉንጩ ወጣ፤ ያ ጥቁር ግን መጣ
እንደገና ዞሮ፣ በቁስሉ ጠርዝ ላይ፣
እንደ ከሰል ዱቄት በባትሪ የሚታይ።
ቢጫው መድኃኒትም በጠብታ ሲገባ
ያንቀጠቅጠዋል፣ እስኪመስል ወባ።

ዶክተር ያጎዳ ናት ወደኔ የላከችው፤
ቃልም አልገባችም፣ እንዲህ ነው ያለችው፦
«አየር አጋዥ እንጂ ቢላን አይተካም፤
ጥናቱም ጥቂት ነው፣ ፍቱን ነው አልልም፤
ግን ደም ያልደረሰው የታፈነ ገላ
አየር ቢጠግብስ? ምን አለን ከዚህ ሌላ?»

የኔ ሥራ ኪሱን መፈተሽ በእርጋታ፤
ክብሪት፣ ቅባት፣ ሰዓት ውጪ ይቆያል ላፍታ።
በሩን እዘጋለሁ። ግፊቱ ሲጨምር
«ምራቅህን ዋጠው» ስለው፣ ላስተምር፣
ይስቅብኛል እሱ፦ «ስንት ሜትር ወረድኩ?»
«ዐሥራ አራት።»
«በቃ? ገና እግሬን ነከርኩ!»

ለጠላቂ ታስቦ የተበየደ በርሜል
ዛሬ ለሻጋታ፣ ለቁስል ይውላል።
በወጣትነቱ እዚሁ ብረት ቤት
ገብቶ ነበር፣ ደሙን አረፋ ሞልቶት፣
ከባሕሩ ወለል ፈጥኖ በመውጣቱ፤
ይቆረጥመዋል ዛሬም በክረምቱ።

ጭምብሉን አጥልቆ እሱም አብሮ ጠለቀ፤
ውሃ የለ፣ ዓሣ የለ፣ ከጥቁሩ ተናነቀ፣
ዘጠና ደቂቃ፣ ሠላሳ ቀን ሙሉ።
የሚስቱ የዲንካ ጣቶች መስኮት ላይ ዋሉ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ፋሻው ሲፈታ
እንደ ሕፃን ድድ ቀላ፣ ያ ጠርዝ፣ ያ ቦታ።
ፍራኔ ጠየቀ፦ «ማን ይሆን ያዳነኝ?
ቢላው ነው? ቢጫው ነው? አየሩ ነው? ንገሪኝ።»
ያጎዳ ዝም አለች፣ መነጽር ጠረገች፣
«አላውቅም» አለችው፤ ጓንቷን አወለቀች።

ሲመሽ ወደብ ዳር ወጣን ለነፋሱ።
ጀምበር ስታዘቅዝቅ ትኩር ብሎ እሱ
በቀረችው ዐይኑ፣ ደሴቶቹን አልፎ፣
«ጠለቀች» አለና፣ የዲንካን ትከሻ አቅፎ፣

«ነገ ስትወጣ ግን
ቀስ ትበል፣ አትቸኩል።»