የጉልበቴ መዝገብ

ሃያ ሰባት ዓመት ከጨርቃ ጨርቁ ቤት፣
ሲሚንቶ ላይ ቆሜ፣ በቀንም በሌሊት፣
የተበጠሰ ክር ስቀጥል ኖሬ፣
የራሴን ቋጠሮ ማን ይቋጥር ዛሬ?

ጠዋት ካልጋ ስወርድ ጉልበቴ ይንጫጫል፣
ጣቴ እንደ ዝንጅብል አብጦ ተጣሟል።
ጣና ላይ ደመናው ገና ሳይቋጠር፣
ጉልበቴ ዝናቡን ይጀምራል መናገር።
አዱኛው ይስቃል፦ «ትንቢት ከጀመረህ፣
ለአየር ትንበያ ሬዲዮ ይቅጠርህ።»

ደሞዝ በወጣ ማታ ሥጋ ቤት ተቀምጬ፣
ቢራውን ደርድሬ፣ ጮማውን መርጬ፣
በሻይ ስድስት ማንኪያ ስኳሬን አማስዬ፣
ሆዴ ቀድሞኝ እስኪሄድ እሱን አባብዬ፣
በስተርጅና ጉልበቴ ቁርጡን ነገረኝ፤
ቁርጥ ስበላ ኖሬ ቁርጥማት በላኝ።

ሽምብጥ ጤና ጣቢያ፣ የደሜን ወረቀት
ሲስተር ባንቺአየሁ አነበበች በትዕግሥት።
«ሪህ አይደለም» አለች፣ «ያረጀ አንጓ ነው፤
ብግነት ገብቶበት፣ ክብደት ያጎበጠው።
ኪኒኑን አትተው፣ መራመዱንም፤
ምግብ ያግዛል እንጂ፣ ብቻውን አያድንም።»

«ታዲያ ካላዳነ ምኑን ሊረባኝ?»
አልኳት፤ በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ጠቆመችኝ።
«እምቦጩን አየኸው?
ስንት ሰው ተሰልፎ በእጁ ቢነቅለው፣
አለቀ ስንለው መልሶ ሞላው።
የሚያሰባው አለ፦ የማሳው ማዳበሪያ፣
የከተማ ፍሳሽ፣ የሆቴል ማጠቢያ።
ካልቀነሱ ምግቡን፣ ወደ ሐይቅ የሚፈሰውን፣
ማን ሊጨርሰው ነው ይህን አረንጓዴውን?»

የፈረቃ መዝገብ አወጣሁ ከሣጥን፤
ባንዱ ዓምድ የበላሁትን፣ በሌላው ሕመሜን።

ስኳሬን ከስድስት ወረድኩ ወደ አንድ፤
ሁለት ሳምንት ሻዬ ጣዕሙ እንደ ግንድ።
ፀሐይ ዘጌን ሳትነካ፣ ሲቀዝፍ አድሮ፣
ታድሎ ቆሮሶ ይሰጠኛል ከመረቡ ቆጥሮ።
«ዘይት ውስጥ አትክተተው፤ በሎሚና በእርድ
ቀቅለህ ብላው» ይላል፣ ጣቱ እየራደ በብርድ።
የሱም አንጓ አብጧል፤ አየሁት ቆይቼ፣
ዓሣ እየበላም ያማል።
                 ዝም አልኩ። ሒሳብ ከፈልኩ።

ጾም ሲገባ ዓሣውን ተውኩ፤ ክርክሩ ቢሰለቸኝ፤
ተልባና ሱፉን ማን ይከለክለኝ?
ራሴ ቆልቼ፣ ወቀጥኩ በሙቀጫ፤
እሷም ስትንጫጫ፣ ጉልበቴም ሲንጫጫ።
«ቢንጫጫ ተልባ ባንድ ሙቀጫ» ያለው
የኔን ጉልበት አያውቅ፤ መች ባንድ ቀን የሚደቀው!

ጎመን በየቀኑ። ቀይ ሥር። ምስር። አጃ።
አዱኛው አይተወኝ፦ «ጥንቸል ሆንክ እንጃ!»

ሦስት ወር እንዲህ መዝገቡ ሲሞላ፣
የወንድሜ ልጅ ሰርግ ጠራኝ፣ እንድበላ።
በጀልባ ወደ ዘጌ። ጮማ። ጠጅ። ቢራ።
«ላንድ ቀን ምን አለ?» ያላለኝ የለም፣ በተራ።

ቀጣዩ ገጽ ላይ፣ በተንጋደደ ፊደል፦
«ሦስት ቀን ደረጃ አልወጣሁም።
ልጄ ጫማዬን ስታስር ወደ ግድግዳው ዞርኩ።
ሰርጉ ይሁን ብርዱ፣ እርግጡን አላውቅም።»

አሁን ክረምት ነው። ጉልበቴም አልረሳም፤
ዝናብ ሲል ያወራል፤ እንደ ድሮው ግን አይጮህም።
ኪኒኔም ቀንሷል፣ ሲስተር ራሷ ፈቅዳ፤
ዘጠኝ ኪሎ ከላዬ ወጥቷል፣ ሳይሰናበት፣ እንደ እንግዳ።

ማታ በዘንባባው ሥር እስከ ዳርቻው እሄዳለሁ፤
ቆሜ አያለሁ።
ጥቂት ጎረምሶች እምቦጩ ውስጥ ገብተው ይነቅላሉ፤
ነገ ይመለሳል፤ እነሱም ያውቃሉ።
ላንዲት ታንኳ ብቻ የምትበቃ ጎዳና
ከፈቱ በመሃሉ።

«ሐሙስ። ቆሮሶ፣ ጎመን፣ ያልጣፈጠ ሻይ።
ጉልበት፦ አኩርፏል፤ ግን አብሮኝ ወጣ፣ ሐይቁን ሊያይ።»