ከመስመሩ በታች

ከሂርማታ ገበያ ጀርባ፣ ከቶርኖ ቤቱ ጎን፣
ሱቄን ዘግቼ ነው፣ ማንም እንዳያየን።
ማዘርቦርዱ ያረጀ ነው፣ ከጨረታ የወጣ፣
ከአንድ መሥሪያ ቤት ጓዳ ከነአቧራው የመጣ።
ካውያዬን አጋልኩ፣ መነጽሬን ጠረግኩ፣
የፋብሪካውን ልጓም በማጉያ ፈለግኩ።
«እስከዚህ ድረስ ነህ» የሚል ትእዛዝ አለ፣
ከጤፍ ቅንጣት እምብዛም በማትበልጥ ሪዚስተር ላይ ያለ።
እሷን ነው የነቀልኩት።
በቦታዋ ቀጭን ሽቦ፣ ከጫፉ የአሮጌ ሬዲዮ መዘውር፤
ቮልቴጁ እንግዲህ በእኔ ጣት ይዘወር።

ራውዳ ከኪቶ ፉርዲሳ፣ ጥናቷን ትታ፣
ጥፍር ቀለም ይዛ መጣች በዚያ ዝናብ ማታ።
«ለእህቴ ኒካህ ነበር» አለች። ቀይ ነው፣ ግማሽ ብልቃጥ።
ቀባችው ስንጥቅ ለስንጥቅ፣ ጤዛ እንዳይገባ ወደ ውስጥ፤
ቫዝሊን ደረበች በላዩ፣ እንደ ጨቅላ ገላ አሽታ፣
ላጲስ እየፈረፈረች መረገች፣ የዙሪያውን ክፍተት ሞልታ።

ነዚፍ ነው ብርዱን ያመጣው።
በሞተር ሳይክሉ ኮርቻ፣ ከኋላው በገመድ አስሮ፣
እንደ ወተት ጋን የከበደ፣ አፉን በቡሽ ቀብሮ፤
ፈሳሽ ናይትሮጅን። ከዜሮ በታች መቶ ዘጠና ስድስት።
ነዚፍ ላም አዳቃይ ነው፤ ከሰቃ እስከ ማና ይሮጣል፣
በታንኩ ውስጥ፣ በጉም መሐል፣ የኮርማ ዘር ይቀመጣል፣
ክር በሚያካክል ቀሰም፣ ስሙ ቁጥር ብቻ፣
ላም ፈለገች በተባለ ሌሊት የሚጫን በዚያ ኮርቻ።

ዘንግ ሰደደ ወደ ታንኩ፤ ሲያወጣው ውርጭ ለበሰ።
በጥፍሩ ጫረ አንድ መስመር፣ ከውርጩ እኩሌታ ያነሰ።
«እስከዚህ ነው የእናንተ» አለ፣ «ከመስመሩ በታች የላሞች ነው።
መኪናው ሐሙስ ነው የሚመጣው፤ ሰው አለ የሚጠብቀው።»

በመዳቡ ኩባያ ውስጥ፣ አባ ፊጣ በቶርኖ በጠረበው፣
(«ለምንህ ነው?» እንኳ ሳይለኝ፣ በዱቤ በሠራው)
ራውዳ ጓንቷን አጥልቃ አፈሰሰች። ፈላ፣ ተንጫጫ፣ ተቆጣ፤
ጉሙ ከጠረጴዛው ተርፎ ቁልቁል እግራችን ላይ መጣ፣
የጅሬን ጭጋግ ይመስል፣ ከተማ ሊውጥ የወጣ።
ቴርሞሜትሩ ወረደ። ሠላሳ። ሰማንያ። መቶ ሃያ።
(ጅማ ላይ ማን ያውቃል ይህን ብርድ? ማንስ አለው መለኪያ?)
እኔ መዘውሩን አዞርኩ፣ አንድ ፀጉር፣ አንድ ፀጉር፤
አምስት ሺህ ሜጋኸርዝ አለፈ። ራውዳ ቆመች ከመናገር።
አምስት ሺህ ሰባት መቶ። አምስት ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ።
ከስድስት ሺህ ደጃፍ ቆመን፣ ስልሳ ቀርቶን ልንገባ፣
ኩባያው ደረቀ።
ድርሻችን አለቀ።

ነዚፍ ዒሻ ሊሰግድ ወጣ። ራውዳ ስልክ ታወራ ነበር።
ዘንጉን ሰደድኩ። መስመሩን አየሁ። እጄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም ነበር።
አንድ ኩባያ።
ከመስመሩ በታች አንድ ኩባያ ምን ያህል ነው? ሁለት ጣት።

ስድስት ሺህ ሃያ አንድ። አራት ሰከንድ።
ከዚያ ስክሪኑ ቀጥ አለ፣ እንደ ተገነደሰ ግንድ።
ፎቶ አነሳሁት። ራውዳ እልል አለች፣ ዝናቡን አስረሳችኝ።
ነዚፍም ሰግዶ ተመለሰ፣ አቀፈኝ፣ ክዳኑን ገጠመ፣
ዘንጉን ዳግም ሳይሰድድ፣ እኔን አምኖ አዘገመ።

ቦርዱ በማግስቱ ሞተ። ውሃ ገባው፤ ካውያም አላዳነው።
ፎቶው አለ።

ወሩ ሲያልቅ ነዚፍ መጣ፣ የተበላሸ ቻርጀር ይዞ።
«የሰቃዋ የወይዘሮ ዘሃራ ላም» አለ፣ በርጩማው ላይ ተክዞ፣
«አልያዘችም። ወተት ሽጣ ነው ልጅ የምታስተምረው።
ረቡዕ ማታ ታንኩ ቀሎኝ ነበር፤ እንጃ፣ ምን እንደነካው።
ይህ ሥራ እንዲህ ነው፤ አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ አይዝም።»
ቀና ብዬ አላየሁትም።
እውነቱን ይሆናል። ሙቀት ነው፣ የላሟ ዕድሜ ነው፣ ሰዓት ነው።
ሁለት ጣት ብርድን ማን ያያል? በየትኛው ሚዛን ይመዝነው?

«ላም አለኝ በሰማይ» ይላል ሰው፤ የእኔዋ ግን ምድር ላይ ናት፣
ሰቃ፣ ከዘሃራ ግርግም፣ በአራት ሰከንድ ጨልጬ ወተቷን የጨረስኳት።

ቻርጀሩን ሠራሁለት። ሂሳብ አልተቀበልኩም።
«ምነው?» አለኝ።
ካውያዬን ከሶኬት ነቀልኩ። አልመለስኩም።