ስንዝር ከአራት ጣት

አባቴ ዳውላትሾ፣ የባርታንግ ሸለቆ ሹፌር፣
ከሰው ፊት አስቀድሞ የሚያየው የመኪና ሆድ ነበር።
ሌላው ጎማ ይመታል፣ ሌላው ቀለም ያደንቃል፤
እሱ በጀርባው ተኝቶ ከዋዙ ሥር ይጠልቃል።

«ኦይኒሶ፣ መብራት!» ሲለኝ በደረቴ እሳባለሁ፤
ዘይት ግንባሬ ላይ ሲንጠባጠብ ፋኖሱን አቀርባለሁ።
የዲፈረንሲያሉ እንብርት፣ የማርሚታው አንገት...
መዳፉን ዘርግቶ ይለካል፣ ከአፈር እስከ ብረት፦
ስንዝር፣ ከዚያ አራት ጣት።

«ይቺን እወቂ» ይላል፣ «ሌላው ሁሉ ወሬ ነው፤
መንገድ የሚያሳልፍሽ ከሥርሽ ያለው ባዶ ነው።»

ከኮፓው በታች ላሜራ አለ፣ ጣት ያህላል ውፍረቱ፤
የኅብረት ሱቅ በር ነበር፣ በሶቪየቶች፣ በጥንቱ።
ሱቁ ጣሪያው ረግፎ ጠባቂም ገዢም ሲያጣ
አባቴ በሩን ነቅሎ በአህያ ጭኖ አመጣ።
ቁርቦንሾ በየደው፤ በስምንት ቡሎን አሰረው፤
«ኖን» የሚለውን ጽሑፍ ግን አንዳቸውም አልፋቀው።
ኖን ማለት ዳቦ ነው፣ በታጂክ አፍ፤
ሦስት ፊደል፦ ዳርና ዳሩ መንታ፣ መሐሉ ክብ እንደ አፍ።
ጽሑፉን ወደ ታች አዙሮ ገጠመው፣
ድንጋይ ብቻ እንዲያነበው።

የሩሻኑ ሚርዞናቢ፣ ባሌስትራ በባሌስትራ ደርቦ፣
ጎማ እንደ ወፍጮ ተክሎ፣ መጣብን ኩራት ጠግቦ።
አባቴ ዞሮ አየውና «ቁመቱስ ደግ» አለ፣
«ጎኑን የሚደግፍለት ሰው ካለ።»
በሦስተኛው ቀን ከዳገቱ ጎን ጋደም አለ መኪናው፤
ልጁ በመስኮት ወጣ፣ ሆዱን ግን አገር አየው፤
ራቁቱን ነው፣ አንዲት ቆርቆሮ እንኳ የለው።

ሐምሌ ነበር። በረዶው ቀልጦ ወንዙ መንገዱን በልቷል።
ዛርጉልን ምጥ ይዟታል፤ ወለሉ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል፤
ስድስት ሰው፣ አራት ጆንያ ዱቄት፣ አንዲት ፍየልም ተጭኗል።
ከባሲድ ማዶ መብራታችን አንድ ድንጋይ ያዘ፣
መሐል መንገድ የተኛ፣ እንደ በሬ የፈዘዘ።
በቀኝ አለት፣ በግራ ውሃና ገደል፤
ዞረው የማያልፉት፣ ገፍተው የማይነቅሉት በደል።

አባቴ ወረደ። መዳፉን ድንጋዩ ላይ ዘረጋ፦
ስንዝር። ሁለት ጣት። ሦስት። አራት። ቀና አለ፣ እጁን ሰበሰበ።
ልክ ለልክ። ግን ያ ልክ የባዶ ዋዝ ነበረ።

«ውረዱ» አለ። «ዱቄቱም ይውረድ፣ ፍየሏም ትውረድ።»
ሁሉም ወረደ። የዛርጉልና የሆዷ ክብደት ግን አይወርድ።

በአንደኛ ማርሽ ገባ፣ እንደሚያደባ ድመት።
ከዚያ ሆዱ ነካ።
ያንን ድምፅ በምን ልንገራችሁ? ብረት
ቆዳው ሲገፈፍ፣ ሸለቆው ሁሉ ጥርሱን ሲያፋጭበት!
ዛርጉል ድንገት ጸጥ አለች፣ ወለሉ ከጀርባዋ ሥር ሲያቃስት፤
በኋላ ነው የነገረችኝ፦
«ከእኔ ሌላ የሚያምጥ አለ ብዬ ዝም አልኩለት።»

ሩሻን ደረስን፣ ሊነጋጋ።
አባቴ ሐኪም ቤቱ በር ላይ፣ ሰው ስለ ሕፃኗ ሲያወጋ፣
ከዋዙ ሥር ገባ። ተከተልኩት፣ መብራት ይዤ።
የመጨረሻዋን ፊደል አምና ድንጋይ ፍቋታል፤
የመጀመሪያዋን ይህ ሌሊት ወስዷታል።
የቀረው ክቡ ብቻ፣ ራሱ እንደ ዳቦ፤
አባቴ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ጭቃውን ጠርጎ፣ ቀርቦ።
ምንም አላለም። የሆዱን ሆድ ይፍጀው።

ዛሬ ጉልበቱ መሬት መውረድ እምቢ አለው።
መሪው የእኔ ነው፤ ከሥር መግባቱም የእኔ ነው።
ስንዝሬ ግን ከስንዝሩ ሁለት ጣት ይጎድላል፤
ድንጋይ ደግሞ የማን እጅ እንደለካው መች ይጠይቃል?
ስለዚህ ስድስት እላለሁ፣ በአራቱ ላይ ሁለት፤
ጣቴም ከጣቱ ይቀጥናልና፣ ሰባት።

ደፍ ላይ ተቀምጦ «ስንት ነው?» ይለኛል፣ እኔ ከሥር ስሆን።
«ስንዝር ከሰባት» እላለሁ።
ዝም ብሎ ጣት ይቆጥራል፣ የራሱን።