ሐምሌ ይለፍ

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ስቱዲዮ ቤት፤
በመጋረጃ ነው የተካፈልናት፤
ወዲህ የእኔ አልጋ፣ ወዲያ የወንድሜ ፍራሽ፣
ዲግሪውን ይዞ ከመጣ ወዲህ፣ ሥራ ፈላጊ ተመላላሽ።

አሁን ደግሞ ምንተስኖት ዓይኑን ዲስኬ ላይ ጣለብኝ፤
«እህቴ፣ ጥግ ላይ አርባ ጊጋ ስጪኝ፤
ሊኑክስ ልጫን፣ ያንቺን አልነካም» አለኝ።

የእኔ የሚለው ዊንዶውስ፣ ሆዱ ሙሉ ነው፣
ፒችትሪ ከነመዝገቡ የተኛበት ነው፤
የብሎኬት ማምረቻው፣ የሁለት ሱቅ ሒሳብ፣
ሐምሌ ለሚመጣው ግብር የሚታሰብ።
ፍላሽ ላይ ገለበጥን፣
በሌላ ፍላሽ ደገምን፣
ደግሞም ጸለይን።

ዲስኩ መጥበብ ጀመረ፤ አሥራ ሁለት ከመቶ፣
ሃያ ዘጠኝ... ከዚያ እዚያው ቀረ ተጎልቶ።
የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ዓመቱ፣ በገመድ ነው የሚኖረው፤
የሰፈሩ መብራት ደግሞ ዳመና ሲያይ ነው የሚሄደው።
ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ሰማዩ አጉረመረመ፤
«ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩ!» አልኩ፤
ምንተስኖት እንደ ስሙ አልሆነም፣ ጥፍሩን ቆረጠመ።

መብራት አልሄደም።
ያን ማታ ብቻ፣ አልሄደም።

ሲነጋ ብከፍተው፣ ጥቁር ገጽ፣ ሁለት መስመር፤
ላይ የእሱ፣ ታች የእኔ፣ ከሥር ሰከንድ ሲቆጥር፤
አሥር። ዘጠኝ። ስምንት።
ጣቴ ቀስቷ ላይ ደረቀ።
«ምንም አትንኪ» አለ ከመጋረጃው ማዶ፣ በእንቅልፍ ድምፅ፣
«ዝም ካልሽ ያንቺው ይከፈታል፤
እንደዚያ አድርጌዋለሁ።»

ሦስት። ሁለት።
መስኮቴ በራ።

የእሱን ክፍል ገና አላየሁትም።
ሐምሌ ይለፍ።