የሄልዩ ቡሆ ዕቃ

ሂዩማ ደሴት ላይ፣ ባሕሩ እንደ ድንጋይ፣
ሰው በሩን ዘግቶ ያድራል፣ ጭሱ ብቻ ሲታይ።
ሄልዩ ቡሆ ዕቃ አላት፣ እንጨት፣ የማይታጠብ፣
የሦስት ትውልድ እርሾ ስንጥቁ የሚቀልብ።

ኒዛር በብርድ መጣ፣ ከጀልባ የተረፈ፣
ጫማው በጨው የነጣ፣ አፉ የተቆለፈ።
መንደሩ ገርመም አለው፤ ፓስተሩም አመነታ፤
ሄልዩ ግን እጅጌውን ሰበሰበችለት ያን ማታ።
ሦስት መስፈሪያ ዱቄት፦ «በል እጅህን ክተተው፣
እርሾም እኮ ሲገባ ማንም ሰው አያየው።»

ሌሊት ዝም አለ ሊጡ። ጎረቤት ሳይሰማ
ጨርቁን ገፋ፣ ኩፍ አለ፣ ጠርዝ አለፈ በጨለማ።
ጠዋት ጥቁሩ ዳቦ ከደጅ ደጅ ሲዞር፣
«የማን እጅ ነው?» ቢሏት ሳቀች፤ ምን ትናገር?

እርሾን ከቦካ ሊጥ ማን ለቅሞ ያወጣል?
ዘንድሮ ፓስተሩ ራሱ ኒዛር ቤት ያቦካል፤
አፍንጫው ላይ ዱቄት ይዞ
ወደ ስብከት ይወጣል።