ሥር ፍለጋ

የወረቀት ፋብሪካው የተዘጋ ለታ
ጭሱ ነው የቆመው፤ ቀርቷል የድኝ ሽታ።
እኛ ሜይን ውስጥ ነን፣ ወንዝ ዳር ከተማ፣
ክርፋቱን «ደመወዝ» ብለን የተስማማን፣
አባት ማሽኑን ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ያወረስን።

ሃያ ሰባት ዓመት ከማድረቂያው ሥር
ትኩሱን ወረቀት ስዳብስ ነበር፤
መለኪያው ሳይነግረኝ ስስና ወፍራሙን
ጣቴ ይነግረኛል የግራም ሚዛኑን።
«የሮላንድ ዌሌት ጣት አይሳሳትም»
ይሉኝ ነበር ያኔ። ጣት ግን አይሸጥም።

ሃምሳ ሁለት ሞላኝ። «ተማር» አለች ልጄ።
በምን ገንዘብ ልማር፣ ዕዳ ቆሞ ደጄ፣
ማሞቂያው ናፍጣ እንደ ሰው ሲጠጣ፣
የካቲት ጨክኖ፣ በረዶው ሳይወጣ?

አንድ ቀን ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ልብሴ ሲሽከረከር፣
ግድግዳው ላይ አየሁ፣ በቴፕ ተለጥፎ ነበር፦
«ሆስፒታሉ ተለማማጅ ደም ቀጂ ይፈልጋል።
ልምድ አንጠይቅም።
ሥሩ፣ ተማሩ።
ደመወዝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

ከማንበቤ በፊት ወረቀቱን ዳበስኩ፤
«ሰባ አምስት ግራም ነው፤ የእኛም አይደል» አልኩ።
ከዚያ አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት።
ስልክ ቁጥሩን ከጫፉ ገነጠልኩት።

በሰዓት አሥራ ሰባት ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም፤
የድሮው ግማሽ ነው፤ ግማሽ ባዶ አይደለም።
የመጀመሪያውን ክፍያ ሚስቴ ኦዴት
ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ሰቀለች፤
«ባለ ደመወዝ ተማሪ አገባሁ» እያለች።

አሠልጣኜ ማርጎ ሲር ከልጄ ታንሳለች፤
«ክንዱ የጎማ ነው፤ አይዞህ፣ ውጋ» አለች።
ያ ክንድ ስድስት ቀን ዝም ብሎ ቻለኝ፣
ቀይ ውኃ እያነባ መርፌን አስለመደኝ።
በሰባተኛው ቀን እርስ በርስ ተዋጋን፤
በመርፌ ማለቴ ነው፤ ተፈቃቅደን ደማን።
ጄኔል፣ ከሱፐርማርኬት ሒሳብ ተቀባይነት የመጣችው፣
ክርኗን አበለዝኩት።
«ይሄም በደመወዝ ይታሰብልኝ» ብላ ሳቀች።

ማርጎ ግን ጣቴን ያዘች፦ «ዓይንህን አትመን።
ሰማያዊው ይዋሻል። ጅማት ሲነኩት ይደርቃል፤
ሥር ግን ይነጥራል።
ጨፍን። ፈልገው።»
ሙያ በልብ ነው ይባላል። ጨፈንኩ።
ሥራ ፈትቶ የከረመው ጣቴ
ማሰብ ሲጀምር ተሰማኝ።

ስምንተኛው ሳምንት፤ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፤
ክፍል ሁለት መቶ አሥራ አራት።
ትእዛዙ ላይ ያለው ስም፦ ቶርንተን ማክብራይድ።
የፈረቃ አለቃዬ። የስንብት ደብዳቤዬን
በገዛ እጁ የሰጠኝ፣ ጫማውን እያየ።

«ሙሉ ስምህን ንገረኝ፤ የተወለድክበትንም ቀን።»
«ሮላንድ! እኔን አታውቀኝም?»
«አውቅሃለሁ። ደንቡ ግን መጠየቅ ነው።»
ነገረኝ። ያን ሁሉ ዓመት እሱ እኔን
በቁጥር ነበር የሚጠራኝ፤ አርባ አንድ።

ሌሎች ሁለት ጊዜ ወግተው ስተውታል፤
ክንዱ እንደ አሮጌ ካርቶን ደርቆ ተሸብሽቧል።
ላስቲኩን አሰርኩ።
ሃያ ሰባት ዓመት በሥሩ የኖርኩት
ያን ያህል ኖሬበት ዛሬ ሥሩን አጣሁት።
ጨፈንኩ። ዳበስኩ። ከክርኑ ወደ ውጭ ፈቀቅ ብሎ፣
ከቆዳው በታች፣ ጥልቅ ቦታ ላይ፣
አንድ ነገር ነጠረ፤
ከበረዶ ሥር እንዳለ ዓሣ፣ ቀስ ብሎ፣ አንዴ።

ደሙ ብልቃጡን ሞላ፤ ጠቆር፣ ለብ ያለ።
ቶርንተን ጣሪያውን እያየ «ስንት ይከፍሉሃል?» አለ።
ነገርኩት። ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።
ላስቲኩን ፈታሁ። መርፌውን ነቀልኩ።
«ጥጡን ጫን በለው» አልኩት፣ «ሁለት ደቂቃ፤ ክንድህን ሳታጥፍ።»

የድሮ አለቃዬ ጫን አለው፣
የግድግዳውን ሰዓት እየተመለከተ።
እኔም ስሙን ብልቃጡ ላይ ለጠፍኩ፣ በአውራ ጣቴ አሸት አሸት አድርጌ፤
ጣቴም ሳልጠይቀው
«ሰማንያ ግራም» አለኝ።